ጋሼ፣ ይክሰሱኝ!

ቦንጋ ውስጥ ለተማሪ ቤት ከማከራየት የከባድ መኪና ጎማ በጥርስ መፍታት ይቀላል። ይህን የሚላችሁ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው። ሥራዬ ጎማ መጠገን ነው። ጎሚስታ አድማሱን የማያውቅ የቦንጋ ሰው ካለ፣ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ከመጠገኛዬ ጀርባ ባለው ግቢዬ ውስጥ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያቸው የሚያለቅስ ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ። ተከራዮቼ ከየወረዳው መጥተው ከተማ የሚማሩ ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ቤተሰብ ጋ ሄደው እሑድ ቆጮና የበቆሎ ዱቄት ተሸክመው ይመለሳሉ። ጎህ ሲቀድ ባዮሎጂያቸውን ጮክ ብለው ይሸመድዳሉ። ዛሬ እኔ ስለ ኩላሊት የማውቀውን ያህል የሚያውቅ ሐኪም በዞኑ ውስጥ ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። ቁም ነገር የማያወጣ አፍ ነበረኝ። ሰው ሰላም ብሎኝ በቀልድ ካልመለስኩለት ያመመኝ ይመስለው ነበር። አንድ ጊዜ የምር ታምሜ «ሆዴን ቆረጠኝ፣ ሐኪም ቤት አድርሱኝ» ብዬ ስጮኽ፣ የመናኸሪያ ሰው ተሰብስቦ ሲስቅብኝ ቆይቶ ያነሣኝ ወድቄ አልነሣ ስል ነው። አድማሱ ሞተ ቢባል ቀባሪው «ቆይ እስቲ፣ ትንሽ እንጠብቀው» የሚል ይመስለኛል።

ያን ዓመት ቀበሌው ማንም አከራይ ያለ ጽሑፍ ውል እንዳያከራይ ብሎ አስጠነቀቀ። እኔም እንደ ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ባዶ ቦታ እየሞሉ የሚፈርሙበትን የተዘጋጀ ውል አመጣሁ። ጥጉ ላይ ያለችውን ክፍል የያዘችው ምሕረት ወልዴ ነበረች፤ ጌሻ ውስጥ ከደካ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ከዚያ በፊት ክፍሉን የተከራየው አብሯት የነበረው የአጎቷ ልጅ ነው። እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ሄደ፣ እሷ ቀረች፣ ስለዚህ «ተከራይ» በሚለው ሥር እሷው ፈረመች። ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው ወጥተው ምስክር ሆኑ። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነበር። እኔ ስለ ዕድሜዋ አላሰብኩም። በቁመት እኮ ትበልጠኛለች!

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ።

ኅዳር ላይ ነው፣ ሐሙስ ቀን። አንድ አይሱዙ ሥር ተኝቼ አልፈታ ያለኝን ብሎን እየሰደብኩ ሳለ፣ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ራሴ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«አድማሱ፣ አንተ ነህ?»

ተንፏቅቄ ወጣሁ። የምሕረት አባት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ልጃቸውን መጀመሪያ ሲያመጧት አይቻቸዋለሁ። ሲናገሩ ቃል የሚሰፍሩ፣ በቀልድ የማይስቁ ሰው ናቸው። ያኔ የቦንጋ ዝንጀሮ ያስቃል የሚባለውን ምርጥ ቀልዴን ነግሬያቸው «ከዚያስ?» ብለውኝ ነበር። ከኋላቸው ምሕረት ደብተሯን ታቅፋ ቆማለች።

«ጋሽ ወልዴ! እንዴት ዋሉ? ምነው በሰላም?»

«ሰላም ነው። ልጄን ልወስድ መጣሁ። አልሄድም አለችኝ። ውል ፈርሜያለሁ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከወጣሁ ባለቤቱ ይከሰኛል አለች። እውነት ነው?»

እኔ ደግሞ ያን ቀን ደግነቴ ተነሥቶብኛል። ሰው ልጁን ሊወስድ መጥቶ እኔ ወረቀት ይዤ ልከለክል? ሳቄ መጣ።

«ምን ውል! ጋሽ ወልዴ፣ ከልጅ ጋር ደግሞ ምን ውል አለ? ያን ወረቀት ፍየል ብትበላው ፍየሏን አመሰግናታለሁ። ይውሰዷት! ዕቃዋን እኔው መናኸሪያ ድረስ ተሸክሜ አደርስላችኋለሁ!»

ይህን ስል ምሕረት ከአባቷ ጀርባ ራሷን ወዲያና ወዲህ ትወዘውዛለች፤ ዓይኗን ታፈጣለች፤ ጣቷን አፏ ላይ ትጭናለች። እኔ ንብ የገባባት መሰለኝ። እንዲያውም «ምሕረት፣ አትነካኪያት፣ ራሷ ትሄዳለች» አልኳት። ይታያችሁ ሞኝነቴ።

«ታዲያ ውል አይደለም?» አሉ አባትየው።

«ጨዋታ ነው!»

«ጥሩ» አሉና ወደ ግቢ ገቡ። ባለቤቴ ዘነበች እጃቸውን አስታጥባ ምሳ አቀረበችላቸው። እኔ እጄን ልታጠብ ወደ ውኃው በርሜል ስሄድ ምሕረት እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?»

«ምን አደረግኩሽ? ነፃ አወጣሁሽ እንጂ!»

«ማን ነፃ አውጡኝ አለዎት? አባዬ ቡና እስኪለቀም ነው የሚለው። ከዚያ ትመለሻለሽ ይላል። እኅቴን አስካለንም ያኔ እንዲሁ ነው ያላት። የዛሬ ሦስት ዓመት ቡና እስኪለቀም ብላ ሄዳ አሁን ልጅ አዝላለች። የፈተናው ምዝገባ ሰኞ ይጀመራል፤ ፎቶም አሻራም በአካል ነው። ከሄድኩ አለቀልኝ።»

«ታዲያ ይህንን ለምን አትነግሪውም?»

«ነገርኩት። ለሚመጣው ዓመት አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም ጋሼ። ቃል ገብቷል። አባዬ ቃል ከገባ ሰማይ ቢወድቅ አይመልሰውም። ለዚህ ነው ውል አለብኝ ያልኩት። ውል ካለ ውልሽን አፍርሺ አይለኝም ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ…» ክንዴን ነቀነቀችው። «ጋሼ፣ ይክሰሱኝ!»

«ምን?»

«ይክሰሱኝ። ውሌን አፈረሰች ብለው ይክሰሱኝ። በእግዚአብሔር!»

ጎበዝ፣ አከራይ ሆኜ ያልሰማሁት ልመና የለም። ይታገሡኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጣሪያውን ያሠሩልኝ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ክሰሰኝ ብሎ የለመነኝ ተከራይ ግን ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ይህች የመጀመሪያዋ መሆን አለባት። ምን ልበላት? ዓይኗን አየሁና ጣጣውን ገባሁበት።

ፊቴን እንደ ባንክ ዘበኛ አኮስትሬ ወደ ቤት ገባሁ።

«ጋሽ ወልዴ፣ አሰብኩበት። ውሉ ይጸናል። ልጅቱ ዓመቱ ሳያልቅ ብትወጣ እከሳለሁ።»

ጋሽ ወልዴ የጎረሱትን ዋጡ። «ቅድም ጨዋታ ነው አልከኝ።»

«ቅድም ነው የቀለድኩት። አሁን የምሬን ነው።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ዘነበች ማንኪያዋን እንደያዘች። «ምን ነካህ? ከልጅ ጋር ክስ?»

ምሥጢሩን ልነግራት አልችልም። አንደኛ አባትየው ፊቴ ተቀምጠዋል። ሁለተኛ ለዘነበች ምሥጢር መንገር ለመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ መስጠት ነው። ጥርሴን ነክሼ «ፈርማለች» አልኩ።

«ልጅ ናት» አሉ አባትየው።

«ፈርማለች።»

«ልጅ ናት።»

«በብዕር ነው የፈረመችው!»

«በብዕር ብትፈርም ልጅ አይደለችም?»

የራሴን ክርክር እኔው ስለማላምንበት እየጮኽኩ ነው የማስረዳው። ድምፃችን ሲሰማ ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው መጡ። ውሉ ላይ ምስክር አይደሉ? ጉዳዩን ሰምተው ጢማቸውን ያዙ።

«አድማሱ፣ አላህን ፍራ እንጂ! እኔ የፈረምኩት ልጅ ትከስበታለህ ብዬ ነው? እኔ እንኳ ልጅ መጥቶ የገዛውን ጫማ አባቱ አይሆንም ብሎ ሲመልሰው ዝም ብዬ እቀበላለሁ።»

«ሐጂ፣ ይህ ጫማ አይደለም!»

«ከጫማ ከባሰማ ጭራሽ አይከሰስበትም።»

በሕግ አምላክ! ሊገላግሉኝ መጥተው አሰሩኝ። ምሕረት በሩ ሥር ቆማ ዓይኗ ከእኔ ወደ አባቷ ከአባቷ ወደ እኔ ይመላለሳል። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ታጠቡና ተነሡ።

«እኔ የልጄን ውል ረግጬ አልሄድም። ሰው ግን በማይጸና ውል ልጄን ቢይዝብኝም አልወድም። ልጅ የፈረመችው ያስራል ወይስ አያስርም፣ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። ነገ ሕግ ያለበት ቤት እንሄዳለን። አያስርም ካሉኝ ይዣት እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሦስታችን ስንወጣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ዘነበች ናት፤ ሌላ ማን ሊሆን! የዳቦ መጋገሪያው ሴትዮ ከመስኮቷ ብቅ ብላ «አድማሱ፣ ከእንግዲህ ጡት የሚጠቡትንም ልትከስ ነው?» አለችኝ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ ቆም ብሎ «ጎሚስታ፣ ልጄ አንተ ጋ ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ ነበር፣ አስፈርመኸው እንዳይሆን!» ብሎኝ ሄደ። በሕይወቴ ሙሉ ቀልድ ስዘራ ኖሬ ያን ቀን ጠዋት አጨድኩት። ትልቁ የሚያበግነኝ ደግሞ በዕድሜዬ ያደረግኩት አንድ ደግ ሥራ ይህ መሆኑ ነው። መናገር አልችልም እንጂ!

ቀበሌ ሄድን። የቀበሌው ሰው ውሉን ገልብጦ አየና «ውልማ ውል ነው፣ ያስራል» አለ። ምሕረት ፈገግ አለች። ቀጥሎ «ግን ማኅተም የለውም፣ ስለዚህ ላያስርም ይችላል» አለ። ፈገግታዋ ጠፋ። «ማኅተሙ ያለው ማን ጋ ነው?» ስለው «ስብሰባ ላይ ያለው ሰውዬ ጋ» አለኝ። ከዚያም ኬዙ የሕፃናት ስለሆነ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂዱ ተባልን። እዚያ ያለችው ወይዘሮ «አንተ ነህ ሕፃኗን የምትከሰው?» ብላ ከመነጽሯ በላይ እንዲህ አየችኝ፤ በዚያች አስተያየት ጎማ ይፈነዳል። እሷ ደግሞ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ላከችን። አቀበቱን ስንወጣ ጋሽ ወልዴ በስድሳ ምናምን ዓመታቸው እንደ ፌንጣ ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ምላሴ ጉልበቴ ላይ ደርሶ ከኋላ እጎተታለሁ። ምሕረት ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አይዞዎት» ትለኛለች። አይዞዎት! እኔ ነኝ ከሳሹ እኮ!

ፍትሕ ጽሕፈት ቤት አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ አገኘን። ዕድሜዋ ከምሕረት ብዙም የማይርቅ ትመስላለች፤ ስትናገር ግን ረጋ ያለች ናት። አስቀመጠችንና ውሉን ከአናቱ እስከ ግርጌው አነበበች። የመጀመሪያዋ ሰው ናት ያነበበችው። እኔ ራሴ አንብቤው አላውቅም።

«ስትፈርሚ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ ሰባት።»

«አላገባሽም?»

«ኧረ!»

«ሞግዚት የሚሆንሽ አባትሽ ናቸው፤ እሳቸው አልፈረሙም።» ወረቀቱን አስቀመጠች። «አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለ ሞግዚቱ የገባው እንዲህ ያለ ውል አያስረውም። ልጅቱ ወይም አባቷ ይቅርብን ካሉ ይፈርሳል። ጋሼ፣ ሊከሷት አይችሉም።»

የምሕረት ትከሻ ሲወርድ አየሁት፤ አየር እንደጨረሰ የጎማ ከመነዳሪ።

«አየህ?» አሉኝ ጋሽ ወልዴ። ደስ አላቸው ልላችሁ አልችልም፤ ብቻ አሉ።

እኔ ግን እልህ ያዘኝ። «እንግዲያው እኔም ይቅርብኝ! ማንንም አያስርም ማለት አይደል? አፍርሼዋለሁ፣ ክፍሌን መልሱልኝ!» ምን እየፈለግኩ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ከሁለት ቀን ወዲህ የየትኛው ወገን እንደሆንኩ ጠፍቶኛል።

«አይ ጋሼ» አለች የሕግ ባለሙያዋ፤ «እርስዎ ማፍረስ አይችሉም። ሕጉ የተሠራው ለልጁ ጥበቃ ነው። እሷ ልጠቀምበት ካለች ዓመቱ እስኪያልቅ ማስወጣት አይችሉም። እሷን አያስራትም፣ እርስዎን ያስርዎታል።»

«ይህ ምን የሚሉት ገመድ ነው? አንዱ ጫፍ ብቻ የሚያስር?»

«እንደዚያ ያለ ገመድ ነው።»

ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አነሡ። ለምሕረት በካፊኛ «ተነሺ፣ መኪናው ያመልጠናል» አሏት። እኔ የዋጫ ልጅ ስለሆንኩ ቋንቋው ይገባኛል። ምሕረት አልተነሣችም። ፊቷን ወደ ሕግ ባለሙያዋ አዞረች።

«እኔ የገባሁት ቃል ልጅ ስለሆንኩ ካላሰረኝ፣ ሌላ ሰው ስለ እኔ የገባው ቃልስ ያስረኛል?»

«ማን የገባው?»

ጋሽ ወልዴ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውንም ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«እኔ ነኝ የገባሁት» አሉ። «እኛ አገር ቡና የሚለቀመው በደቦ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ይለቅማል። ዘንድሮ ከእኔ ጀመሩ፤ የእኔ ተለቅሞ አልቋል። አሁን የእኔ ቤት ለጎረቤት ሊመልስ ነው። ሦስት ሰው እሰጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፦ እኔ፣ ሚስቴ፣ ወንዱ ልጄ። ወንዱ ልጄ ሥራ ተገኘልኝ ብሎ ጂማ ሄደ። ሲሄድ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ በእሱ ፈንታ ምሕረት ትመጣለች አልኳቸው።»

«እሷ እመጣለሁ ብላ ነበር?»

«አልጠየቅኳትም። ልጅ ናት።»

«እንግዲህ ቃሉ የእርስዎ ነው አባቴ፤ የእሷ አይደለም። ለዚያም ቢሆን ሕግ አያስገድዳትም። ደግሞ ትምህርቷን የሚያስቆም ነው።»

ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። እውነቴን ነው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጅቱን የያዛት እሳቸው መሆናቸውን እንጂ እሳቸውን የያዛቸው ነገር እንዳለ አልታየኝም ነበር።

«ሕጉ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሰዎቹ የእኔን ቡና ለቅመው ጨርሰዋል። አሁን ሄጄ ሕጉ አያስራትም ልበላቸው? ነገ ቤቴ ቢቃጠል ማን ይመጣል? ብሞት ማን ይቀብረኛል?»

የሕግ ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ለእሱ አንቀጽ የለኝም አባቴ» አለች።

ምሕረት እንባዋ መጣ። አባቷን አሸንፋለች እኮ! ግን እንዲህ ሆነው እያየቻቸው እንዴት ትቀራለች? ደብተሯን አንሥታ ልትቆም ስትል ይህ የተረገመ አፌ ተከፈተ። ጭንቅ ሲበዛብኝ ቀልድ ነው የሚወጣኝ፣ ምን ላድርግ!

«ወይኔ ጋሽ ወልዴ! ለዚህ ነው ሁለት ቀን ሙሉ የተሠቃየነው? እኔ እሄድላታለሁ! ይህ እጅ የከባድ መኪና ጎማ የሚያነሣ እጅ ነው። የእናንተ ቀበሌ ቡና ምን አላት? የጌሻን ቡና በሙሉ ጠዋት ለቅሜ ከሰዓት በኋላ አስጥቼ እመለሳለሁ!»

እንዲስቁ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ወልዴ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩ።

«ትሄዳለህ?»

«እ… ማለቴ…»

«በልጄ ፈንታ፣ ደቦው እስኪያልቅ፣ ትሄዳለህ?»

የሕግ ባለሙያዋን ለእርዳታ አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ዓይኗ ውስጥ ግን ሰይጣን ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶዎታል?»

«ጭራሽ ትቀልጅብኛለሽ!»

«እንግዲያው ልጅ ነበርኩ ብለው ማፍረስ አይችሉም።»

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ዘረጉ። እንደ ሰንሰለት የጠነከረ እጅ ነው። ምሕረት አፏን በደብተሯ ሸፍና ታየኛለች። ምን አማራጭ ነበረኝ? ጨበጥኳቸው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው ብዕር ለመኑ። ከልጃቸው ፊርማ አጠገብ በዝግታ ስማቸውን ጻፉ።

«ልጅ ናት ካላችሁ አባቷ አለሁ። አሁን ያስራል?»

«አሁን ያስራል» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሄድን፤ እኔና ጋሽ ወልዴ። ዘነበች ሁሉን ሰምታ ስቃ ስቃ ሆዷን ይዛ ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ጋሽ ወልዴ ድንገት አሉኝ፦

«መጀመሪያ ቀን ልጄ ከኋላዬ ስትጠቅስህ በአይሱዙው መስታወት አይቻታለሁ።»

«አይተው ነው ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ያንከራተቱኝ?»

«እስከ የት ድረስ እንደምትዋሽ ልይ ብዬ ነው።» ከዚያም «ብዙ ሄድክ» አሉ። ከእሳቸው አፍ የወጣ ምስጋና ይኸው ነው።

ስለ ለቀማው ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ቡናው ያለው ጫካ ውስጥ ነው። ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት እየጎተትክ ቀዩን መርጠህ ትለቅማለህ፣ አረንጓዴውን ትተዋለህ። እኔ ቀዩን ትቼ አረንጓዴውን ሳወርድ ሴቶቹ «ኧረ ዛፏን ማራት!» ይሉኛል። ሱሪዬ ውስጥ የገባው ጉንዳን ብዛቱ ምርጫ ቢወዳደር ያሸንፋል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው እንደ ሲኒማ ያዩኛል። ከሁሉ የሚያበግነው ደግሞ ጠዋት ጠዋት የደቦው አለቃ ሰው ሲቆጥር ነው። ወልዴ? አለሁ። የወልዴ ሚስት? አለሁ። ምሕረት? ዝም ስል ሁሉም ዞሮ ያየኛል።

«አለሁ» እላለሁ፣ ጢሜን እያከክኩ።

አጠገቤ የምትለቅመው አስካለ ነበረች፤ የምሕረት ታላቅ እኅት። ልጇን አዝላ እጇ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚሄደው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ቅርንጫፏን ሳትለቅ፣ ሳታየኝም፦

«ተመዘገበች?» አለችኝ።

«ሰኞ ተመዝግባለች። ዘነበች ደውላ ነግራኛለች።»

ሞልቶ የነበረውን የራሷን ቅርጫት አንሥታ ባዶ በሆነው በእኔ ቅርጫት ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ወደ ሌላው ዛፍ ሄደች። ከተወለድኩ ጀምሮ የምመልሰው ቀልድ ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ምሕረት ፈተናውን ወሰደች። አንደኛ ወጣች ብላችሁ ብዋሻችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ነጥቧ ለማካካሻው ትምህርት፣ ለሪሚዲያል ብቻ ነው የበቃው። ሪሚዲያሉን ተምራ አለፈች፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ቀን ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? መጠገኛዬ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሊከሱኝ ይችላሉ» አለችኝ። ወገቤን ይዤ አሳደድኳት።

እናንተ ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ከልጅ ጋር ውል ስትፈርሙ አባት ወይም እናት ከጎን ይፈርሙ። አለዚያ ወረቀቱ የሚይዘው እናንተን ብቻ ነው፤ ይህን በራሴ ወገብ ከፍዬ ተምሬዋለሁ። ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች ደግሞ ስሙኝ፦ ስለ ልጃችሁ ቃል ከመግባታችሁ በፊት እሷን ጠይቋት። ቀሪው ለእኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ስቀልድ ግራና ቀኝ እያየሁ ሆነ። ከተማው ተምሯል። «ላግዝህ» ካልኩ «መቼ?» ይሉኛል። «አንድ ቀን ግብዣ አለብኝ» ካልኩ ሐጂ ሰይድ «ቀኑን ንገረንና ምስክር ልሁን» ይላሉ። በሃምሳ ዓመቴ ቃሌ ዋጋ አወጣ፤ ጣጣው መከራ ነው፤ ግን መልሳችሁ ውሰዱት ብትሉኝ እንደማልሰጣችሁ ዕወቁ።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አድማሱ፣ ቡናው ቀልቷል።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ያኔ እኮ የተስማማነው ለአንድ ደቦ ነበር!»

«ደቦው አላለቀም። በየዓመቱ ይዞራል።»

«ወገቤን ያመኛል። አርጅቻለሁ። ደግሞ ሥራ በዝቶብኛል።»

በዚያኛው ጫፍ ቃል ሲሰፍሩ ይሰማኛል።

«ልጅ ነኝ ካላልክ ና» አሉና ዘጉት።